ውሎ

ከስም ቀጥላ፣ ከዕድሜ በፊት፣
«ጾታ» የምትል ዓምድ አለች፤ የጣት ስፋት የማትሞላ ጠባብ ቤት።
ወንድ ብዬ ጻፍኩ። ወንድ። አሁንም ወንድ።
ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላው ይመጣል በዚያው መንገድ።

እኔ ኮሂኑር ነኝ፣ የሱናምጋንጅ እርዳታ ቢሮ ጸሐፊ፣
ሚያዝያ በገባ ቁጥር የሟች ስም ለቅሜ ወደ ዳካ አሳላፊ።
ሰማይ ያጉረመርማል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አንድ ሰው ስም ይነግረኛል፣
«ሲመታው ምን ይሠራ ነበር?» የምትል ጥያቄ ትቀረኛል።

«ሩዝ ያጭድ ነበር።» «መረብ ይስብ ነበር፣ ጀልባው ላይ ቆሞ።»
«ዳክዬዎቹን ሊሰበስብ ወጥቶ ነው፣ ደመናው መጣ ቀድሞ።»
«ኳስ ይጫወት ነበር። ልጅ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ።»
(ይህን የነገረኝ አጎቱ ነው። ስልኩን መያዝ አልቻለችም እናቱ።)

ሻይ ቤት የሚውሉት ሽማግሌዎች ምክንያቱን ያውቁታል፤
«መብረቅ ተባዕት ነው፤» ይላሉ፣ «ተባዕት ተባዕትን ይፈልገዋል።»
አለቃዬ ይስቃል፦ «የሴት ጸሎት ከባድ ነው፤
እናንተን ሰማይ ይፈራል፣ እኛን ነው የሚያስከፍለው።»

እኔ ግን ሜዳውን አውቀዋለሁ።
ሀኦር ይሉታል፤ ስድስት ወር ባሕር፣ ስድስት ወር የሩዝ ማሳ፤
ዛፍ የለው፣ ጣራ የለው፣ ምስጥ እንኳ ኩይሳ አያነሣ።
እዚያ መሀል ወገቡን ሊያፍታታ ቀና ያለ
እሱ ነው ተራራው፣ እሱ ነው ግንዱ፤ ከእሱ በላይ ማን አለ?

ሴቷስ? ከቆርቆሮ ሥር ሆና ነዶውን ታበጥራለች፤
ማሳ መውረድ ነውር ነው፣ የሰው ዓይን ትፈራለች።
ዕድሜዬን ሙሉ የተማረርኩበት ያ አጥር
ሚያዝያ ሲመጣ ዣንጥላ ሆነ። ይህን እንዴት አድርጌ ልቁጠር?

መብረቅ ጾታ አይለይም። ውሎ ነው የሚለይ።
የት ዋልክ? የት ዋልሽ? ሌላው ወሬ ነው፣ የሻይ።

አምና ሱሩጅ ዓሊን ጻፍኩት። ወንድ። አርባ አንድ። ሲያጭድ።
ወንድሞቹ መቃብሩን ሌት ጠበቁ፣ ዱላ ይዘው፣ እሳት ሲነድ፤
መብረቅ የነካው አጥንት ብረት ይስባል፣ ይሸጣል የሚል ሌባ አለና፤
በኋላ ሲሚንቶ አፈሰሱበት፣ ተበደሩና።

ለመቃብሩ ዘበኛ ተገኘ። ለማሳው ማን ይገኝ?
ጎርፉ ከሜጋላያ ተራራ ሊወርድ ነው፤ ሩዙ ይላል «እጨዱኝ»።
ሚስቱ ሞርጂና ማጭዱን ከጣራው መዘዘች፣
ሸሚዙን ደረበች፣
ነውሩን ለወሬኛ ትታ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ቀና አለች።

ዛሬ ቢሮ መጣች። አልሞተችም።
ግራ ጆሮዋ ደንቁሯል፤ ስሟን ጠራሁ፣ አልሰማችም።
ከክርኗ እስከ አንጓዋ ቀይ ቅርንጫፍ ወጥቶባት ነበር፤
ዛፍ በሌለበት አገር ሰማይ የተከለው ዛፍ።
በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ማስረጃ እስኪሆናት አልቆየላትም።

ቅጹን ገለበጥኩ። «የሞተ» ይላል። «የተረፈ» የሚል የለም።
እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የልጇ ስም ይጠፋባታል፤ ለዚህ ዓምድ አልተሰመረም።
«ጾታ?» አልኳት፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ እያየኋት፤
ሌላ ነገር መሰላት።
«ሩዙ?» አለች። «ገባ። ጎርፉ ሳይደርስ ገባ፣ ሁሉም።»

በመስኮቱ፣ ግድቡ ዳር፣ ተማሪዎች ዘንባባ ይተክላሉ፤
ከሃያ ዓመት በኋላ መብረቁን ከሰው ይቀበላል ይላሉ።
ማስመሪያ ፈለግሁ። አለቃዬ ወስዶታል።
በባዶ እጄ አሰመርኩ፣ ከኅዳጉ ላይ፣ ከ«ጾታ» ራቅ አድርጌ፤
ጠማማ ወጣ።
ሞርጂና ጎንበስ ብላ አየችው፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ።
ስልኩ ጮኸ።